ገበያ ከመውረድ በፊት ቁም ሳጥንን ማየት፦ ለራሳችን የሚሆነን ልብስ በምን እናውቀዋለን?

ለገሀሬ ነዋሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ ከሰዓት ሙቀቱ ከቤት አላስወጣ ሲለኝ ቁም ሳጥኔን አራግፌ ልብሶቼን ሁሉ አልጋ ላይ ዘረጋሁና ቆጠርኳቸው። ነጠላና የውስጥ ልብስ ሳይጨመር 43 ሆኑ። ባለፉት ሦስት ወራት ከሁለት ጊዜ በላይ የለበስኳቸው ግን 11 ብቻ መሆናቸውን ሳይ አፈርኩ፤ ደመወዝ በወጣ ሰሞን «የምለብሰው የለኝም» ብዬ ገበያ የምወርደው እኔው ነኝና።

ከዚያ 11ዱን ለብቻ፣ 32ቱን ለብቻ ከመርኩና እያንዳንዱ ልብስ እንዴት ቤቴ እንደገባ ለማስታወስ ሞከርኩ። አንዱ ቀሚስ የሥራ ባልደረባዬ ለብሳው ስላማረባት የገዛሁት ነው፤ እሷ ረዥምና ቀጭን ስትሆን እኔ አጠር ያልኩና ትከሻዬ ሰፋ ያለ ነኝ። ሁለት ሸሚዞች በበዓል ዋዜማ ጥድፊያ ሳልለካ የወሰድኳቸው ናቸው። ስድስት ወይም ሰባት የሚሆኑት ደግሞ ዋጋቸው ስለረከሰ ብቻ የተገዙ ናቸው። አንድ ሱሪ «ስከሳ እለብሰዋለሁ» ተብሎ አራት ዓመት ጠብቆኛል። (አልከሳሁም።)

የሚገርመው የምወዳቸው 11ዱ እርስ በርስ እንደ እህትማማች ይመሳሰላሉ። አብዛኞቹ ኮሌታ አላቸው፣ እጅጌያቸው ክርኔ ላይ ይደርሳል፣ ወገቤን አይዙኝም፣ ኪስ አላቸው፣ ቀለማቸውም ረጋ ያለ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው። አንደኛው ሸሚዝ ከመለበሱ ብዛት የኮሌታው ጠርዝ ሳስቶ ክሩ ይታያል፤ ልጥለው ግን አልቻልኩም። የራሴን አለባበስ ሳላውቀው ስለብሰው ኖሬያለሁ ማለት ነው። ገበያ ስገባ ግን ይህ ሁሉ ከአእምሮዬ ይጠፋል። ቀፊራ ገበያም ልሂድ አሸዋ ገበያ፣ ዓይኔ አዋጅ ይሆንብኛል፤ ሻጩ «ይህ እኮ ለአንቺ ተብሎ የተሰፋ ነው» ሲለኝ እሺ ብዬ ከፍዬ እወጣለሁ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። የሚስማማንን ካወቅን በኋላ ገበያ ውስጥ እንዴት እንጸናበታለን? ጨርቁ ለድሬ ሙቀት የሚሆን መሆኑንስ ሳንለብሰው በምን እንለያለን? የተዘጋጀ ልብስ መግዛትና ማሰፋትስ የቱ ያዋጣል?

የሳቢያን ልጅ፦
እህቴ፣ ቅር አይበልሽና «የራስ አለባበስ» የሚባለው ነገር ገንዘብ ያለው ሰው የሚያነሳው ጉዳይ ይመስለኛል። እኔ የምለብሰው በአብዛኛው ሳልባጅ ነው። ቦንዳው ሲፈታ ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ክምሩን አገላብጣለሁ፣ ያገኘሁትን እወስዳለሁ። ምርጫ የሚባል ነገር የለም።

ለገሀሬ ነዋሪ፦
ወንድሜ፣ ቅር አላለኝም። ግን ከክምሩ ውስጥ አንዱን አንስተህ ሌላውን የምትተወው በምን ለይተህ ነው?

የሳቢያን ልጅ፦
ጥሩ አድርገሽ ያዝሽኝ። እውነቱን ለመናገር ከመቶው ልብስ ዘጠና አምስቱን ሳልነካ አልፋለሁ። መጀመሪያ በእጄ ነው የማየው፤ ዓይኔን ወደ ሌላ አድርጌ ክምሩ ውስጥ እጄን ስሰድ ለስላሳና ቀዝቀዝ የሚል ጨርቅ ሲገጥመኝ ብቻ አወጣለሁ። ቀጥሎ የትከሻውን ስፋት በስንዝሬ እለካለሁ፤ ስንዝሬን ስለማውቀው መልበስ አያስፈልገኝም። ከዚያ ብብቱን፣ ኮሌታውንና የቁልፍ ቀዳዳዎቹን በብርሃን አያለሁ። ጽሑፍ ያለበትን አልወስድም፤ ደረቴ ላይ የማላውቀው አገር የስፖርት ቡድን ስም ተጽፎ መዞር አልወድም። እንደዚህ ስጽፈው ሳየው እኔም ምርጫ አለኝ ለካ።

ሳልባጅ አንድ ነገር አስተምሮኛል። እዚያ ክምር ውስጥ ከእያንዳንዱ ልብስ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ «ሌላ ቁጥር አምጣልኝ» አይባልም። ልክህንና የምትፈልገውን በቃልህ ካላወቅህ ባዶ እጅህን ወይም የማይሆንህን ይዘህ ትመለሳለህ።

የሽመና ክፍል ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ስለያዘኝ እኔም ልግባበት። ዕድሜዬን የፈጀሁት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ውስጥ ስለሆነ፣ ስለ ፋሽን ባላውቅም ስለ ክር ጥቂት አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ግን የሳቢያኑ ልጄ ስላነሳው ነገር አንድ ቃል ልጨምር። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ነው፤ ይህን የምለው ልጁን ለመውቀስ አይደለም፣ እኛም በሳልባጁ የተነሳ ገበያ ያጣን ሰዎች ስለሆንን ነው። አሁን ወደ ነገራችን።

የድሬ ሙቀት ለልብስ ፈተና ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ አየር ልብሱ ላብን ካልጠጣ ለባሹ ምቾት የለውም። ጥጥ በመካከለኛ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ሲቀመጥ ከክብደቱ 8 በመቶ የሚሆን ውሃ ከአየር ብቻ ይይዛል። ፖሊስተር ግን በዚያው ሁኔታ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ላባችሁ በፖሊስተር ሸሚዝና በገላችሁ መካከል ተጣብቆ ይቀራል፤ ጥጡ ግን ጠጥቶ ወደ አየር ይለቀዋል። ብዙ ሰው «ይህ ልብስ አያምርብኝም» የሚለው ልብስ በእርግጥ የማያምርበት ሆኖ ሳይሆን እያሞቀ ፊቱን የሚያስጨፈግገው ስለሆነ ነው። ሰው ሲቁነጠነጥ ምን ለብሶ ያምራል?

እንዴት ይለያል ላልሽው፣ ልጄ፣ ልብሱ ውስጥ የተሰፋውን የጨርቅ ዓይነት ጽሑፍ ብቻ አትመኚ። ጨርቁን በጭብጥሽ ይዘሽ እስከ አሥር ቆጥረሽ ልቀቂው። ንጹሕ ጥጥ ተጨማድዶ ይቀራል፤ ፖሊስተር ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይዘረጋል፤ ድብልቁ በመካከል ይሆናል። ሜትር ጨርቅ ከሆነ የምትገዢው፣ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር ተቀብለሽ ከሱቁ ወጣ ብለሽ በክብሪት ሞክሪው። ጥጥ እንደ ወረቀት እየሸተተ ይነድና በጣት ሲነካ የሚበተን ዐመድ ይተዋል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይሸበሸብና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ትኩስ እያለ እንዳትነኪው፣ ጣት ላይ ይጣበቃል።

አንድ የምታታልል ጨርቅ አለች፤ ቪስኮስ ትባላለች። እንደ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትታ ትነድዳለች፣ ላብም ትጠጣለች፣ እንዲያውም ከጥጥ ይበልጥ ትለሰልሳለች። ለሙቀት ጥሩ ናት። ድካሟ ውሃ ነው፤ ስትረጥብ ጉልበቷን ታጣለች፤ በኃይል ፈትጎ የሚያጥብ ቤት ውስጥ ዕድሜ የላትም። ብዙዎቹ አበባማ ቀሚሶች ከእሷ የተሠሩ ናቸውና ስትገዙ ማን እንደሚያጥብላችሁ አስቡ።

መኪና ግርግር፦
አባታችን ያሉት ሁሉ ልክ ነው። (ድሬዎች ማንንም «አንተ» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ እኛም ሐረር ላይ ከዚያ ብዙ አንርቅም፤ ለጡረተኛ ሸማኔ ግን አንቱታ ይገባል።) እኔ ሐረር ጀጎል ውስጥ የምሰፋ ሰው ነኝ። መንገዳችን መኪና ግርግር ስሟን ያገኘችው ከምንሰፋበት መኪና ድምፅ ስለሆነ፣ ስለ ማሰፋት የተጠየቀውን ብመልስ ከቦታዬ አልወጣሁም።

እህቴ፣ ኮሌታው ሳስቷል ያልሽውን ሸሚዝ እንዳትጥይው። ለልብስ ሰፊ ከእሱ የተሻለ የመቁረጫ ንድፍ የለም። ደንበኞቼ በብዛት የሚመጡት በስልካቸው ፎቶ ይዘው ነው፤ ፎቶው ላይ ያለው ሰው ሌላ ቁመት፣ ሌላ ትከሻ፣ ሌላ ጨርቅ ነው፤ ልብሱም ከኋላ በመርፌ ተይዞ ሊሆን ይችላል። «ልክ እንደዚህ» ይሉኛል፣ እኔም የምችለውን አደርጋለሁ፣ ሲለብሱት ግን ሁለታችንም እናዝናለን። የሚወዱትን አሮጌ ልብስ ይዞ «ይህንን በሌላ ጨርቅ ስፋልኝ» የሚለኝ ደንበኛ ግን አንድም ቀን ተጣልቶኝ አያውቅም። ሳልፈታው እለካዋለሁ፤ ሊጣል የደረሰ ከሆነ ደግሞ ስፌቱን ፈትቼ ቁራጮቹን ጨርቁ ላይ አስተኝቼ እቆርጣለሁ።

የተዘጋጀ ልብስ ስትገዙ ደግሞ ሰፊ ሊያስተካክለው የሚችለውንና የማይችለውን ለዩ። እጅጌ ማሳጠር፣ የሱሪ እግር ማሳጠር፣ ጎን ማጥበብ፣ ቁልፍ መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ትከሻ ግን ሌላ ነገር ነው። ትከሻውን ለማጥበብ እጅጌውን መፍታት፣ ክንዱ የሚገባበትን ክብ እንደገና መቁረጥና እጅጌውን መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ገበር ያለው ኮት ከሆነ የሥራው ዋጋ ከኮቱ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ፤ የስፌቱ መስመር አጥንታችሁ የሚያልቅበት ላይ ካላረፈ ቀለሙ ምንም ቢያምር መልሱት። የጠበበ ሱሪ ለማስፋትም ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ መኖር አለበት። ገልብጣችሁ ስፌቱን እዩ፤ ፋብሪካው በኦቨርሎክ (ጠርዝ እየቆረጠ በሚሰፋ መኪና) እስከ ስፌቱ ድረስ ቆርጦ ከጨረሰው የምንጎትተው ነገር የለንም።

ለካችሁ በመስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ብቻውን አይበቃም። ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ሁሉም ልብስ ይሆነዋል። ተቀመጡ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ጫማ እንደሚያስር ሰው ጎንበስ በሉ። ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ መውጣታችሁ አይቀርምና በዚያ ልክ ፈትኑት።

ደንገጎ ላይ ቀዘቀዘኝ፦
በሳምንት ሁለት ጊዜ ከድሬ ሐረር ለሥራ የምመላለስ ሰው ስለሆንኩ አጭር ነገር ልናገር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ሐረር ከድሬ ወደ 700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ጠዋት ድሬ ላይ በስስ ሸሚዝ ተሳፍሬ የደንገጎን ዳገት ስንጨርስ እንቀጠቀጥ ነበር። ወፍራም ጃኬት ገዛሁ፤ እሱም ድሬ ስመለስ ሸክም ሆነብኝ። አሁን ያገኘሁት መፍትሔ ከፊት ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ስስ የጥጥ ሹራብ ነው፤ ከማንኛውም ሸሚዜ ጋር እንዲሄድ ግራጫ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ሸሚዝ ስገዛ «ከግራጫው ሹራብ ጋር ይሄዳል?» ብዬ ብቻ እጠይቃለሁ፤ ግማሹ ሱቅ በዚህ ጥያቄ ይቀንስልኛል።

የጀጎል እህት፦
ሁላችሁም ስለ ትከሻና ስለ ክር ስትናገሩ አንድ ነገር የጎደለ መሰለኝ። «የራሴ አለባበስ» ስንል ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ የፈለሰፈው ነገር አስመሰልነው። አያቴ የነበሯት ልብሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱን ቦታ ታውቅ ነበር። የቤት ውስጡ፣ የገበያው፣ የለቅሶው፣ ለሠርግ የሚወጣው የአጥላስ ቀሚስ። ጨርቅ ስትገዛ «ያምርብኛል ወይ?» ስትል ሰምቻት አላውቅም፤ የምትጠይቀው «የት ልለብሰው ነው?» ብላ ነበር። ቦታ ካላገኘችለት አትገዛም። ለገሀሬ ያለሽው እህቴ፣ 32ቱን ልብሶችሽን በዚህ ጥያቄ ብታይያቸው አብዛኞቹ ቤት አልባ ሆነው የምታገኚያቸው ይመስለኛል።

ሌላው ደግሞ፣ ጥሩ ጨርቅ ከሩቅ ብቻ ይመጣል የሚለው ሐሳብ በከተማችን አዲስ ነገር ነው። በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ የነበረው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እንኳ የሐረርን በእጅ የተሸመነ ኩታና መቀነት በውበትም በጥንካሬም ከአውሮፓ ፋብሪካ ሥራ አስበልጦ አድንቆ ነበር። እኔ በየዓመቱ አንድ ልብስ በእጅ ከተሸመነ ጥጥ አሰፋለሁ፤ ቢሮ የምለብሰው ተራ ቅርጽ ያለው ሸሚዝ ነው፣ ጥለቱ እጅጌው ላይ ብቻ ይታያል። ሰው ያስታውሰኛል። ከፋሽን ጋር መሮጥም አላስፈለገኝም።

የሳቢያን ልጅ፦
የጀጎል እህት «የት ልለብሰው ነው» ያልሽው ደስ ብሎኛል፤ ግን ወጣት ስትሆኚ ገና ያልሄድሽበት ቦታም አለ። ሥራ ፈላጊ ሆኜ ሁለት ዓመት ስዞር ለቃለ መጠይቅ የሚሆን አንድ ሱፍ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። በአያትሽ ሕግ ቤት አልባ ልብስ ነበር፤ በእኔ ሕይወት ግን ሥራ ያስገኘልኝ እሱ ነው።

የጀጎል እህት፦
እሱማ ቤት አልባ አይደለም፤ ቃለ መጠይቁ ቤቱ ነው። አያቴ ብትሰማህ ትስማማ ነበር።

አሸዋ ሻጭ፦
እኔ ከባንኮኒው ወዲያ ያለሁት ሰው ነኝ፤ «ለአንቺ ተብሎ የተሰፋ ነው» የምለውም እኔው ነኝ፤ ይቅርታ። ሻጭ የሚፈራውን ደንበኛ ልንገራችሁ፦ የሚፈልገውን በሦስት ቃል የሚናገረውን። «ኮሌታ ያለው፣ ጥጥ፣ ሰማያዊ» ብሎ የሚገባ ሰው ሌላ ነገር ላሳየው አልችልም፤ ካለኝ እሰጠዋለሁ፣ ከሌለኝ ይሄዳል። «እስቲ ያለህን አሳየኝ» የሚለው ደግሞ የእኔ ነው። ደግሞ ቀለም በሱቅ አምፖል አትመኑ። ልብሱን ይዛችሁ በር ላይ ውጡ፤ ሐቀኛ ሻጭ አይከለክላችሁም። ለምሳ ልንዘጋ ስንል አትምጡ፣ እናንተም እኛም በሙቀት ደክመን ስለምንሆን የምንነጋገረው ለመገላገል ብቻ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኑ።

ለገሀሬ ነዋሪ፦
ስለ ሐቀኝነትዎ አመሰግናለሁ፣ ጌታው፤ ምናልባት አንድ ሁለቱን ከእርስዎ ሳልገዛ አልቀረሁም። ስለ ዋጋም አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ኮሌታው የሳሳውን ሸሚዝ በ1,800 ብር ነበር የገዛሁት፤ ያን ጊዜ ተወደደብኝ ብዬ ለሳምንት አዝኜ ነበር። በሳምንት አንድ ጊዜ ለሁለት ዓመት ስለለበስኩት ከ100 ጊዜ በላይ ማለት ነው፤ ለአንድ ቀን 18 ብር አይሞላም። በ450 ብር «ረክሶ» የወሰድኩትን ሸሚዝ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የለበስኩት። የቀኑ ዋጋ 225 ብር መጣ።

የሽመና ክፍል ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ስሌቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አጠባውንም ጨምሪበት። ሰማያዊ ጥጥ ለረዥም ጊዜ እንዲያገለግል ገልብጠሽ እጠቢው፣ ገልብጠሽም ጥላ ላይ አስጪው። የእኛ ፀሐይ ቀለም ትበላለች።

ለገሀሬ ነዋሪ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ከ32ቱ ውስጥ 19ኙን ለሚለብሷቸው ዘመዶች ሰጠሁ፤ አምስቱን አስተካክዬ አስቀረሁ፤ የቀሩት ላይ ገና እያመነታሁ ነው። አራት ዓመት የጠበቀኝን ሱሪም ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት፣ ልክ ሆናት። ከዚያ «ኮሌታ፣ ጥጥ፣ ሰማያዊ» እያልኩ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቀፊራ ወርጄ ስፋቱ 1.50 ሜትር የሆነ ጨርቅ 2 ሜትር ገዛሁ። ክሩን አንድደን ሞከርነው፤ ባለሱቁ ስቆብኝ ክብሪቱን ራሱ ጫረልኝ። ጨርቁንና አሮጌውን ሸሚዝ ይዤ እናቴን ልጠይቅ ሐረር በወጣሁበት ቀን መኪና ግርግር ላይ ሰጠሁት።

ሸሚዙ ሲመጣ ልክ እንደ አሮጌው ሆነ፤ ደስታዬ ግን እስከ መጀመሪያው እጥበት ድረስ ነበር። ጨርቁን ሳላጥብ አሰፍቼው ኖሮ እጅጌው ከክርኔ ወደ ላይ ሸሸ፤ ትከሻው ግን አልተነካም። የሰፋልኝን ሰው አልወቅስም፤ «ታጥቧል?» ሲለኝ ሳላስብ «አዎ» ያልኩት እኔ ነኝ።

መኪና ግርግር፦
አይዞሽ፣ እህቴ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት መሳብ ልማዱ ነው፤ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ለአንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ማደር ነበረበት፤ እኔም እዚህ ከመጀመሪያው መጻፍ ነበረብኝ። የእጅጌውን ጫፍ ገልብጠሽ እዪው። የሰፋልሽ ሰው የሚያውቅ ከሆነ ሦስት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ትቶልሻል፤ እሱን ፈትቶ ማውረድ ይቻላል። ካልተወልሽ ደግሞ ከ2 ሜትሩ የተረፈ ቁራጭ ካለ በዚያው ጨርቅ መቀጠያ ይደረግለታል፣ ኮሌታውን የሚመስል ሆኖ ከተሰፋ መቀጠያ መሆኑን ማንም አያውቅም። ዓርብ ከሰዓት እዘጋለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከቁራጩ ጋር አምጪው፤ ቁራጩን ግን ዛሬ ማታ ውሃ ውስጥ ክተቺው።

ለገሀሬ ነዋሪ፦
ገልብጬ አየሁት፤ ሁለት ጣት ተኩል ይሆናል። ቁራጩንም አሁን ባልዲ ውስጥ ከተትኩት። ቅዳሜ እመጣለሁ።